ድሮ ቀመስ ሞተር ሳይክሎች፦ ሻጭ የሚናገረው ፍጥነትና መንገድ የሚሰጠው ፍጥነት

ሞተር ሳይክል ለሽያጭ ሲቀርብ ከዋጋው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ሻጩም ሆነ ደላላው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። አንዱ በፍጥነት መለኪያው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቁጥር በጣቱ ያመለክታል። ሌላው «እኔ ራሴ 130 አድርሼዋለሁ» ብሎ ይምላል። ሦስተኛው ደግሞ ስለ ፍጥነቱ ተጠይቆ ስለ ዘሩ ይመልሳል፤ ሞተሩ ከእንግሊዝ ቤት እንደወጣ፣ ለጦር ሠራዊት ያገለግል እንደነበረ ይተርካል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች የተባለው እንዲህ ላለው መልስ ነው።

ጉዳዩ የወሬ ማድመቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ገዢው ያንን ቁጥር አምኖ ዋጋ ይጨምራል፤ ነጋዴው ያንን ቁጥር አምኖ ዕቃ ያዝዛል፤ አሽከርካሪው ያንን ቁጥር አምኖ መንገድ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ያለው ድሮ ቀመስ ሞተር በእውነት ስንት እንደሚሄድና ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ማወቅ ገንዘብንም ሕይወትንም ማዳን ነው። በተለይ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በሀዋሳ ሒሳቡ የራሱ የሆነ መልክ አለው።

ድሮ ቀመስ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ክብ የፊት መብራት፣ የእንባ ቅርጽ ያለው የቤንዚን ማጠራቀሚያ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ወንበርና አንድ ትልቅ ፒስተን ያላቸው ሞተሮች ናቸው። የዚህ ወገን አውራ ሮያል ኢንፊልድ ነው። «ቡሌት» የተባለው ሞዴሉ በእንግሊዝ አገር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሆን፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በህንድ አገር በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ መሠራት ጀመረ። እናት ኩባንያው በእንግሊዝ ከከሰመ በኋላም የህንዱ ፋብሪካ ሥራውን ቀጥሏል። የጃፓኑ ያማሃ ደግሞ «ኤስ.አር. 400» የተባለውን ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ እስከ 2021 ድረስ ብዙም መልኩን ሳይቀይር ለአገሩ ገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። ሆንዳም በበኩሉ በህንድ ገበያ «ሲ.ቢ. 350» በሚል ስም የዚሁ ዓይነት ሞተር አውጥቷል።

እነዚህን ሞተሮች ከሌሎች የሚለያቸው መልካቸው ብቻ አይደለም። ኃይላቸው ከመጠናቸው ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ነው። 349 ሲሲ ያለው ክላሲክ 350 የሚሰጠው 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። 348 ሲሲ ያለው ሆንዳም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ለሥራ ተብሎ የተሠራውና 145 ሲሲ ገደማ ያለው ባጃጅ ቦክሰር 150 እንኳ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ሲሲው ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ኃይሉ እጥፍ እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይሏል።

የመለኪያው ቀስት ምን ያህል ይታመናል?

የመጀመሪያው ስህተት የሚጀምረው ከቀስቱ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ እንዳያሳይ ፈጽሞ ይከለክላል። አብዝቶ ማሳየትን ግን ይፈቅዳል። ለሞተር ሳይክል የተፈቀደው ትርፍ ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶና በላዩ ላይ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ይህም ማለት ሞተሩ በእውነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቀስቱ 118 ቢያሳይ ፋብሪካው ደንብ አልጣሰም። ፋብሪካዎች አሳንሶ ከማሳየት ጥፋት ለመራቅ ሲሉ ቀስቱን ወደ ላይ ያዘነብሉታል። «130 አድርሼዋለሁ» ያለው ሰው ቀስቱን አይቶ እውነቱን ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ መሬት ላይ ግን ከ115 አላለፈ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣ የዚህ ዓይነቱን ሞተር ጫፍ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀንሰዋል። ከኋላ ቢመጣ ደግሞ በዚያው መጠን ይጨምርለታል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተነድቶ የተገኘ ቁጥር ስለዚህ የሞተሩ ነው ወይስ የነፋሱ ለማለት ያስቸግራል። ትክክለኛ ልኬት ማለት በአንዱ መንገድ ሄዶ በዚያው ተመልሶ አማካዩን መውሰድ ነው።

በዚህ መንገድ ሲለካ የክላሲክ 350 እውነተኛ ጫፍ በሰዓት ከ110 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ይውላል። ቦክሰር 150 ደግሞ 95 አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው።

የመጨረሻዋ 20 ኪሎ ሜትር ዋጋ

ልዩነቱ ለምን አነሰ? መልሱ አየር ነው። ሞተር ሳይክል በፍጥነት ሲሄድ ዋና ጠላቱ ክብደቱ ሳይሆን ከፊቱ የሚገፋው አየር ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለአየር እንደ ግድግዳ ነው። የአየሩ ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ያንን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ፍጥነቱ በራሱ ሦስት ጊዜ በተባዛ መጠን ያድጋል።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ወደ 120 ከፍ እንዲል የተፈለገው የፍጥነት ጭማሪ 20 በመቶ ብቻ ነው። አየሩ የሚጠይቀው የኃይል ጭማሪ ግን 73 በመቶ ነው። በሌላ በኩል የሞተሩን ኃይል ሙሉ በሙሉ እጥፍ ያደረገ ሰው የሚያገኘው የፍጥነት ጭማሪ 26 በመቶ ገደማ ነው። ነጋዴ ይህን በሚገባው ቋንቋ ለመናገር፣ ካፒታል እጥፍ ሆኖ ትርፉ በሩብ ብቻ የሚያድግበት ንግድ ማለት ነው።

ቦክሰሩን ከክላሲኩ ጋር ማነጻጸር ይህንኑ ያሳያል። ከ12 ወደ 20 የፈረስ ጉልበት መሄድ 67 በመቶ ጭማሪ ነው። በሒሳቡ መሠረት የሚገኘው ፍጥነት 19 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 95 የነበረው 113 ይሆናል ማለት ነው። መንገድ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ስለሆነም ክላሲክ 350ን ለፍጥነቱ ብሎ የሚገዛ ሰው ተሳስቷል። ለምቾቱ፣ ለጉልበቱ ወይም ለመልኩ ብሎ የሚገዛ ግን የሚፈልገውን ያውቃል።

ሲሲ ለምን ብቻውን አይናገርም?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ባጃጅ፣ በሀዋሳ ስሙ ለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ መጠሪያ የሆነው የህንድ ኩባንያ፣ ከእንግሊዙ ትራይምፍ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2023 «ስፒድ 400» የተባለ ሞተር አውጥቷል። መልኩ ድሮ ቀመስ፣ ፒስተኑም አንድ ነው፤ መጠኑ 398 ሲሲ ነው። ከክላሲኩ የሚበልጠው በ49 ሲሲ ብቻ ሆኖ ሳለ ኃይሉ ግን 40 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም እጥፍ ነው። ጫፉም 150 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ምስጢሩ ፒስተኑ በሚጓዝበት ርቀት ላይ ነው። የክላሲክ 350 ሲሊንደር ጠባብና ረጅም ነው፤ የጎኑ ስፋት 72 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ደግሞ 85.8 ሚሊ ሜትር ነው። የስፒድ 400 ሲሊንደር በተቃራኒው ሰፊና አጭር ነው፤ ስፋቱ 89፣ የፒስተኑ ጉዞ 64 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተን በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ አንድ ጊዜ ይወጣል። ክላሲኩ ሙሉ ኃይሉን በሚሰጥበት በደቂቃ 6,100 ዙር ላይ ፒስተኑ በአንድ ደቂቃ 1,047 ሜትር ይጓዛል። ስፒዱ ደግሞ በ8,000 ዙር ላይ 1,024 ሜትር ይጓዛል። ሁለቱም ፒስተኖች በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጡ ነው፤ ማለትም የብረቱ ድካም ተቀራራቢ ነው። ጉዞው አጭር የሆነው ግን በዚያው ድካም ብዙ ዙር ስለሚዞር፣ አየርና ቤንዚንም ብዙ ጊዜ ስለሚያቃጥል ብዙ ኃይል ያወጣል።

ረጅሙ ፒስተን በአንጻሩ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አለው። ክላሲኩ ከፍተኛውን የመጠምዘዝ ጉልበት የሚሰጠው በ4,000 ዙር ሲሆን ስፒዱ እስከ 6,500 ድረስ መጠበቅ ይኖርበታል። በከተማ ውስጥ ሰው አፈናጥጦ፣ ማርሽ ሳይቀያይር ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ይመቸዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? በስንት ዙር ላይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የሀዋሳ አየር ምን ይወስዳል፣ ምን ይሰጣል?

በብዙዎች ዘንድ የሚነገረው ከፍታ ቦታ ላይ ሞተር «ትንፋሹ ስለሚያጥረው» ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። በሀዋሳ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር 81 በመቶ ገደማ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው አየር በአንድ አምስተኛ ስለሚያንስ ኃይሉም በዚያው ልክ ያንሳል። በወረቀት ላይ 20 የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ሀዋሳ ሲደርስ 16 ገደማ ሆኗል።

ነገር ግን የተረሳ ነገር አለ። ሞተሩን የሚያዳክመው ስስ አየር ከፊት የሚገፋውንም ግድግዳ ያሳሳዋል። የኃይሉ መቀነስና የተቃውሞው መቀነስ ተቀራራቢ ስለሆኑ በሜዳ መንገድ ላይ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ለክላሲክ 350 ዓይነቱ ሞተር ሒሳቡ ሲሠራ በባሕር ወለል 112 የሚሄደው በሀዋሳ ሜዳ 110 ወይም 111 ይሄዳል። የሚጎድለው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

እውነተኛው ኪሳራ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። ዳገት የሚጠይቀው ኃይል ከአየሩ ስስነት ጋር አይቀንስም፤ የሰውና የብረት ክብደት ሀዋሳም ሆነ ጅቡቲ ያው ነው። ያው ሞተር ሰው አፈናጥጦ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ መንገድ ሲይዝ በባሕር ወለል 90 ይሄድ የነበረው በሀዋሳ ወደ 85 ይወርዳል፤ ከዚያ በፊት የሚደርስበት ጊዜም ይረዝማል። ወደ ሲዳማ ደጋ፣ ወደ ሁላ ሀገረ ሰላም አቅጣጫ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ የአየሩ ግፊት ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። እዚያ የሚሠራ ሞተር የሚገዛ ሰው የሜዳውን ጫፍ ትቶ ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በካርቡራቶር የሚሠሩ የቆዩ ሞተሮች ሌላ ችግር አለባቸው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ፍጆታውም ይጨምራል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ሀዋሳ ላይ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጩት አዲሶቹ ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጎደለውን አየር ግን እነሱም አያመጡትም።

ለወደፊቱ ገበያ የሚጠቅም አንድ ነጥብ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ከሆነ ወዲህ የነጋዴው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ስለዚህ ከፍታ ኃይሉን አይቀንስበትም፤ ከፊቱ ያለው ግድግዳ ግን ይሳሳለታል። ባትሪው ይበቃዋል፣ ማርሹም ይፈቅድለታል ቢባል፣ በባሕር ወለል 112 የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሞተር በሀዋሳ ሜዳ 120 ሊደርስ ይችላል። በደጋ ከተሞች ለቤንዚኑ ኪሳራ የሆነው አየር ለኤሌክትሪኩ ትርፍ ነው።

ፍጥነት የሚጠይቀው ሌላ ሒሳብ

በሀዋሳና በሻሸመኔ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ ያለማቋረጥ በ80 የሄደ ሰው በ19 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በ110 የሄደ ደግሞ በ14 ደቂቃ። ትርፉ አምስት ደቂቃ ነው፤ ያውም ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከብቱና እግረኛው መንገዱን ለቀውለት ከሆነ።

ለዚያች አምስት ደቂቃ የሚከፈለው ግን ቀላል አይደለም። ፍሬኑ ደህና በሆነ ሞተር፣ በደረቅ አስፋልት፣ በ80 የሚሄድ ሰው አደጋውን አይቶ እስኪቆም 63 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ110 ሲሄድ 109 ሜትር ይፈልጋል። በ80 ይሄድ የነበረው ሰው ቆሞ ትንፋሹን በሚሰበስብበት ቦታ ላይ በ110 የመጣው ገና በከፍተኛ ፍጥነት እየሄደ ነው። ፍሬኑ ከበሮ የሆነ፣ ጎማው ያለቀ ሞተር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ መንገድ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።

ከዚህም ሌላ አንድ ትልቅ ፒስተን ብቻውን ሲመላለስ ያንቀጠቅጣል። ንቅናቄውን የሚያረግብ ተጨማሪ ዘንግ የሌላቸው የቆዩ ሞዴሎች ጫፋቸው ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነዱ ብሎን ይላላል፣ መስተዋት ይደበዝዛል፣ እጅ ይደነዝዛል። የዚህ ዓይነት ሞተር ለረጅም ጉዞ የሚመቸው ከጫፉ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲነዳ ነው። ጫፉ ስለዚህ የሚኖሩበት ቤት ሳይሆን ጣራው ነው።

ገዢ ምን ይጠይቅ፣ ምን ይፈትሽ?

አንደኛ፣ ሲሲውን ብቻ ሳይሆን የፈረስ ጉልበቱንና ያ ጉልበት የሚገኝበትን ዙር ከፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያንብብ። ኃይሉ ከታወቀ ጫፉን መገመት ቀላል ነው፤ 12 ለ95፣ 20 ለ112 መነሻ ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ ቀስቱን በዝቅተኛ ፍጥነት ይፈትሽ። የኪሎ ሜትር ምልክት ባለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቀስቱን 60 ላይ አጽንቶ ይንዳና አንድ ኪሎ ሜትር የወሰደበትን ሰኮንድ ሌላ ሰው ይቁጠርለት። 60 ሰኮንድ ከወሰደ ቀስቱ እውነተኛ ነው። 65 ሰኮንድ ከወሰደ እውነተኛው ፍጥነት 55 ገደማ ነው፤ ቀስቱ 8 በመቶ ያህል ይዋሻል ማለት ነው። ጫፉን በሕዝብ መንገድ ላይ መሞከር አያስፈልግም፤ የተነገረውን ቁጥር በዚሁ መጠን ቀንሶ ማየት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሰው አፈናጥጦ ዳገት ያስወጣው። በስንተኛ ማርሽ እንደወጣና ፍሪሲዮኑ እንዳልተንሸራተተ ይመልከት።

አራተኛ፣ «ፍጥነት ተጨምሮበታል» የተባለ ሞተር ሲያጋጥመው ይጠንቀቅ። ማርሚታውን መቅደድ ድምፅ እንጂ ኃይል አይጨምርም። የፊቱን ጥርስ በትልቅ መቀየርም ኃይሉ ለሌለው ሞተር ጫፉን ከፍ አያደርግለትም፤ የዳገት ጉልበቱን ብቻ ይወስድበታል።

አምስተኛ፣ ለፍጥነት ሊከፍል ያሰበውን ጭማሪ ለፍሬን፣ ለጎማና ለመለዋወጫ ያውለው። የፊት ፍሬኑ ዲስክ መሆኑን፣ ጎማው ለአገሩ ገበያ እንግዳ አለመሆኑን፣ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ በከተማው ውስጥ የሚገኙ መሆናቸውን አስቀድሞ ያረጋግጥ። መለዋወጫ የሌለው ፈጣን ሞተር የቆመ ሞተር ነው።

ለነጋዴውም ትምህርቱ ያው ነው። «130 ይሄዳል» ብሎ የሸጠ ሰው ገዢው ሁለተኛ ቀን መንገድ ላይ ሲያጣው ደንበኛውን ያጣል። «በሜዳ 110፣ በዳገት ሰው ይዞ 85፣ መለዋወጫው እዚህ አለ» ብሎ የሸጠ ግን ያው ገዢ ወንድሙን ይዞለት ይመለሳል።